የክለባችሁን ሜዳ በቀጥታ የሚያሳይ ካሜራ እንዴት ይተከላል?

«ለሜዳችን የትኛውን ካሜራ እንግዛ?» ከሰፈር ቡድን አስተባባሪዎች በየጊዜው የሚደርሰኝ ጥያቄ ይኼ ነው። ውጭ አገር ያሉ የቀድሞ ተጫዋቾችና ደጋፊዎች የእሁዱን ጨዋታ ማየት ይፈልጋሉ። በስልክ የሚቀርጸው ልጅ ደግሞ ክንዱ ይዝላል፣ ባትሪው ያልቅበታል፣ ስልክ ሲደወልለት ስርጭቱ ይቋረጣል። ስለዚህ ቋሚ ካሜራ ይታሰባል።

መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ካሜራውን መጨረሻ ግዙ። የቀጥታ ስርጭት አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በካሜራው አይደለም። በኢንተርኔቱ፣ በመብራቱ፣ በኬብሉ ወይም በምሰሶው ነው። አራቱ ከተስተካከሉ መካከለኛ ዋጋ ያለው ካሜራም አንጀት ያርሳል። ካልተስተካከሉ ግን ውዱም አያድናችሁም።

ከታች ያለው መመሪያ የተጻፈው አዲስ አበባ ውስጥ ላለ የሰፈር ኳስ ሜዳ ነው። ሜዳው በግምት 100 በ64 ሜትር ነው፤ አጠገቡ የክለብ ቢሮ ወይም የጥበቃ ቤት አለ። የእናንተ ሜዳ ካነሰ ሥራው ይቀልላችኋል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ለውጭ የተሠራ አይፒ ካሜራ (ምስሉን በኔትወርክ የሚልክ)፣ 1 ወይም 2። ኃይሉን በኔትወርክ ኬብሉ የሚያገኝ ይሁን፤ ገበያ ላይ «ፖኢ» የሚባለው ነው። ውሃና አቧራ የመከላከል ደረጃው አይፒ 66 ወይም 67 ይሁን።
- ፖኢ ስዊች (ካሜራዎቹን ከኮምፒውተሩና ከራውተሩ ጋር የሚያገናኝ፣ ኃይልም በኬብሉ የሚሰጣቸው ሳጥን)
- ለውጭ የተሠራ ካት 6 ኬብል፣ ውስጡ ሙሉ መዳብ የሆነ
- ኬብሉ የሚገባበት ኮንዲዩት፣ ውሃ የማያስገባ ጀንክሽን ቦክስ
- ዝገት የማይበላው የብረት ቱቦ ለምሰሶ፣ ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር፣ ቡሎን
- ለኔትወርክ ኬብል የሚሆን የመብረቅ መከላከያ (ሰርጅ ፕሮቴክተር)፣ የመሬት ዘንግና ሽቦ
- ምስሉን ከካሜራው ተቀብሎ ወደ ዩቲዩብ የሚልክ ሚኒ ፒሲ (ትንሽ ኮምፒውተር) ወይም ደህና የሆነ አሮጌ ላፕቶፕ
- ራውተር
- ባትሪና ኢንቨርተር ወይም ዩፒኤስ
- ናስትሮ፣ እርስ በርሱ የሚጣበቅ የጎማ ቴፕ፣ እርጥበት የሚስቡ የሲሊካ ጄል ከረጢቶች

1. መጀመሪያ ፈቃድ

ሜዳው የማን ነው? የወረዳው ከሆነ ከወረዳው፣ የትምህርት ቤት ከሆነ ከትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ፈቃድ ውሰዱ። የግል መረጃን የሚጠብቀው አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መውጣቱንም አስታውሱ። የሰው ፊት የግል መረጃ ነው።

ስለዚህ መግቢያው ላይ «ይህ ሜዳ በቀጥታ ይተላለፋል» የሚል ማስታወቂያ ለጥፉ። የታዳጊዎች ጨዋታ ከሆነ የወላጆችን ስምምነት ቀድማችሁ ጠይቁ። ካሜራው የጎረቤት መስኮት ወይም ግቢ የሚያይ ከሆነ አቅጣጫውን ቀይሩ። መቀየር ካልተቻለ ብዙዎቹ አይፒ ካሜራዎች የምስሉን አንድ ክፍል በጥቁር የሚሸፍን ቅንብር አላቸው፤ በሱ ሸፍኑት። ይህን ቀድማችሁ ካላደረጋችሁ አንድ ጎረቤት ቅሬታ ያቀረበ ቀን የተከላችሁትን ልትነቅሉ ትችላላችሁ።

2. ኢንተርኔቱን በጨዋታ ሰዓት ለኩ

ሰው ሁሉ የሚያየው የማውረጃውን ፍጥነት ነው። ለእናንተ የሚያስፈልጋችሁ አፕሎዱ ነው፤ ምክንያቱም ምስሉን የምትልኩት እናንተ ናችሁ።

ለ720 ጥራት በሰከንድ ከ2.5 እስከ 4 ሜጋቢት ይበቃል። ለ1080 ከ4 እስከ 6 ያዙ። የለካችሁት አፕሎድ ከዚህ ቢያንስ እጥፍ መሆን አለበት። መስመር ከፍ ዝቅ ይላል፤ ትርፍ ከሌለው በመጀመሪያው መዋዠቅ ምስሉ ይቆማል።

ማክሰኞ ጠዋት ለክታችሁ እንዳትወስኑ። እሁድ ከሰዓት፣ ሜዳው ዙሪያ ሰው ሞልቶ ሳለ ለኩ። በተለይ 4ጂ የምትጠቀሙ ከሆነ ሁሉም ተመልካች ስልኩን ይዞ የሚጋራው ያንኑ አንቴና ነው። የአንዱ ድርጅት ሲም ደካማ ከሆነ የሌላውንም ሞክሩ፤ በሁለት ሰፈር መካከል እንኳ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ቢሮው የፋይበር መስመር ካለው እሱን አስቀድሙ።

ፓኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት ሂሳቡን ሥሩ። በሰከንድ 4 ሜጋቢት ማለት በሰዓት 1.8 ጊጋባይት ነው። የ2 ሰዓት ስርጭት 3.6 ጊጋባይት ይወስዳል። 24 ሰዓት ክፍት ብታደርጉት በቀን 43 ጊጋባይት ይሆናል። ስለዚህ ባለ ገደብ ፓኬጅ ከሆነ ጨዋታ ሲኖር ብቻ ክፈቱት።

ብዙ ሰው «ፐብሊክ አይፒ (ከውጭ በቀጥታ የሚደረስበት የኢንተርኔት አድራሻ) መግዛት አለብን ወይ?» ይላል። አያስፈልግም። ምስሉ ከእናንተ ወጥቶ ወደ ዩቲዩብ ይሄዳል፤ ከውጭ ወደ ካሜራው የሚገባ ሰው የለም።

3. ካሜራው የሚቆምበትን ቦታ ምረጡ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። አንዴ ሲሚንቶ ከፈሰሰ በኋላ መቀየር ከባድ ነው።

በመጀመሪያ ፀሐይ። የሰፈር ጨዋታ በብዛት ከሰዓት ነው። ሜዳው ከሰሜን ወደ ደቡብ የተዘረጋ ከሆነ ካሜራውን በምዕራብ በኩል ተክላችሁ ወደ ምሥራቅ እንዲያይ አድርጉ። ያኔ ፀሐይዋ ከጀርባው ትሆናለች። በተቃራኒው ከተከላችሁት ከ10 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ትገባበትና ተጫዋቾቹ ጥላ ብቻ ይሆናሉ። ሜዳው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ከሆነ በደቡብ በኩል ሁኑና ወደ ሰሜን አሳዩት። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የቀትር ፀሐይ አብዛኛውን ዓመት በደቡብ በኩል ናት፤ በቀሩት ወራትም ለአናት ቅርብ ናት። ወደ ሰሜን የሚያይ ሌንስ ውስጥ አትገባም።

ቀጥሎ ከፍታ። ከ6 እስከ 8 ሜትር ጥሩ ነው። ዝቅ ካለ ቅርብ ያለው ተጫዋች ሩቅ ያለውን ይጋርደዋል፤ ኳሱ የት እንዳለም አይታወቅም።

ከዚያ ሌንስ። 2.8 ሚሊ ሜትር የሚባለው ወደ 100 ዲግሪ ወርድ ያያል፤ 4 ሚሊ ሜትሩ ወደ 80። ሰው ሰፊውን ይመርጣል፤ ግን ሰፊ ሌንስ ሩቁን ያሳንሳል። ምሰሶው በመሐል መስመሩ ትይዩ፣ ከጎን መስመሩ 10 ሜትር ርቆ ቆሟል እንበል። ማዶ ያለው ጎን መስመር 74 ሜትር ይርቃል። በ100 ዲግሪ ሌንስ እዚያ ርቀት ላይ የሚታየው ወርድ 176 ሜትር ያህል ነው። የ1080 ምስል ወርዱ 1920 ነጥብ (ፒክስል) ስለሆነ ለአንድ ሜትር 11 ነጥብ ብቻ ይደርሳል። 1 ሜትር ከ75 የሆነ ተጫዋች 19 ነጥብ ሆነ ማለት ነው። ማን እንደሆነ አይለይም። በ4 ሚሊ ሜትሩ ግን ያው ተጫዋች 27 ነጥብ ያህል ይሆናል።

በሌላ በኩል ከዚያው ቦታ ሆኖ ቅርብ ያሉትን ሁለት ኮርነሮች ጭምር ለማየት 157 ዲግሪ ያስፈልጋል። አንድ ተራ ካሜራ ይህን አይችልም። ሁለት ባለ 4 ሚሊ ሜትር ካሜራዎች ጎን ለጎን ሲቆሙ 160 ዲግሪ ይሆናሉ። አንዱ የግራውን ግማሽ፣ አንዱ የቀኙን ግማሽ ያሳያል። ለሙሉ ሜዳ የምመክረው ይኼን ነው።

አቅም ለአንድ ብቻ ከሆነ ከሜዳው ጥግ ውጭ ትከሉት። ከኮርነር ሲታይ ሜዳው በሙሉ 90 ዲግሪ ውስጥ ይገባል፤ 2.8 ሚሊ ሜትር ይበቃዋል። ጉዳቱ ማዶ ያለው ጎል ትንሽ ሆኖ መታየቱ ነው። ለዚህ ባለ 8 ሜጋፒክስል ካሜራ ይረዳል። ሰማዩንና አጥሩን ቆርጣችሁ ስታወጡ የሚቀረው ምስል አይደበዝዝም።

ምንም ከመግዛታችሁ በፊት መሰላል ወይም ጣሪያ ላይ ወጥታችሁ ከዚያ ቦታ በስልክ ፎቶ አንሱ። ሰፊ ሌንስ ባላቸው ስልኮች 0.5 ላይ የሚታየው ከ2.8 ሚሊ ሜትሩ ጋር ይቀራረባል።

4. ምሰሶውን ትከሉ

የባህር ዛፍ አጣና ርካሽ ነው፤ ግን አትጠቀሙበት። ሲደርቅ ይጣመማል፣ ነፋስ ሲመጣ ይወዛወዛል። ምሰሶው ጫፍ ላይ ትንሽ ሲነቃነቅ ምስሉ በሙሉ ይንቀጠቀጣል። ችግሩ ለዓይን መጥፎ መሆኑ ብቻ አይደለም። ምስሉ ሁሉ ሲንቀሳቀስ የሚላከው መረጃ ስለሚበዛ ጥራቱ ይወድቃል።

ለ8 ሜትር የብረት ቱቦ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር ጉድጓድ ቆፍሩ፤ በኮንክሪት ሙሉት፤ 7 ቀን ሳይሞላ ካሜራ አትስቀሉበት። ጠንካራ የብሎኬት ሕንፃ በትክክለኛው ቦታ ካለ ምሰሶውን ትታችሁ ግድግዳው ላይ እሰሩት። ከምሰሶ ይሻላል።

ማስጠንቀቂያ፦ የመብራት ኃይል ምሰሶ ላይ ካሜራ አትስቀሉ። ከመብራት መስመር አጠገብም የብረት ቱቦ አታቁሙ፤ ቱቦው ሲነሣ ሽቦ ከነካ ሰው ይሞታል። የ220 ቮልት ሥራውን ለኤሌክትሪሺያን ስጡ። ደመና ከቋጠረና ካጉረመረመ ከመሰላል ውረዱ።

5. ኬብሉን ዘርጉ

ከስዊቹ እስከ ካሜራው ያለው ኬብል ከ100 ሜትር መብለጥ የለበትም። ከዚያ በላይ ሲሆን መረጃው መቆራረጥ ይጀምራል።

ገበያ ላይ «ካት 6» ተብሎ የሚሸጥ ብዙ ኬብል ውስጡ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አንዱን ሽቦ በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ከሥር ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው፤ መልሱት። በዚህ ኬብል ኃይሉ መንገድ ላይ ስለሚባክን ካሜራው ቀን ይሠራና ማታ የኢንፍራሬድ መብራቱ ሲበራ ይጠፋል። ሰው ካሜራው ተበላሸ ብሎ ይቀይረዋል፤ አዲሱም ያው ይሆናል።

ኬብሉን ኮንዲዩት ውስጥ አስገቡት። ፀሐይ ፕላስቲኩን ይሰነጥቀዋል፣ አይጥም ይበላዋል። ካሜራው ጋ ሲደርስ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ተመልሶ እንዲወጣ አድርጉ። ዝናቡ ኬብሉን ተከትሎ ሲመጣ ከታች ይንጠባጠባል እንጂ ወደ ማያያዣው አይገባም። ማያያዣውን ጀንክሽን ቦክስ ውስጥ አስቀምጡ፣ በጎማ ቴፕ ጠቅልሉ፣ በላዩ ናስትሮ ጨምሩ። ሳጥኑ ውስጥ አንድ ሁለት ከረጢት ሲሊካ ጄል ጣል አድርጉ። የኬብሉ መግቢያ ቀዳዳ ሁልጊዜ ከሳጥኑ ሥር ይሁን።

የመብረቅ መከላከያውን በሁለቱም ጫፍ ግጠሙ፤ አንዱን ካሜራው ጋ፣ አንዱን ቢሮው ጋ። የመሬት ሽቦ ካላገናኛችሁት ግን ጥቅም የለውም፤ መብረቁ ወደ መሬት የሚሄድበት መንገድ ይፈልጋል። ምሰሶውንም ከመሬት ዘንግ ጋር አያይዙ። በክረምት አንድ ነጎድጓድ ካሜራ፣ ስዊችና ኮምፒውተር በአንድ ላይ ሊያቃጥል ይችላል።

6. መብራት ሲሄድ

ኃይል የሚፈልገውን ሁሉ ቁጠሩ። ሁለት ካሜራ፣ ስዊች፣ ራውተር፣ ሚኒ ፒሲ አንድ ላይ በግምት 45 ዋት ይሆናሉ። ትንሹ የጠረጴዛ ዩፒኤስ ውስጡ ያለው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ነው፤ አንድ ሙሉ ጨዋታ አያስጨርሳችሁም። 50 አምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ 600 ዋት ሰዓት ይይዛል። የአሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ ስለማይወሰድበት 300 ይቀራል። በኢንቨርተሩ የሚባክነው ተቀንሶ 5 ሰዓት ያህል ያቆያችኋል።

የሚረሳው የፋይበሩ ሞደም ነው። ኮምፒውተሩና ካሜራው ባትሪ ላይ ሆነው ሞደሙ ግድግዳው ላይ ይሰካል። መብራት ሲሄድ ሁሉም በርቶ ኢንተርኔት ብቻ ይጠፋል። ሁሉንም በአንድ ዲቫይደር ወደ ባትሪው አምጡ።

7. አሁን ካሜራውን ግዙና አስተካክሉ

ክብ ጉልላት ያለውን ተዉት፤ የዝናብ ጠብታ ፕላስቲኩ ላይ ይቀራል፣ ሲጠረግም ይጫጫራል። ቱቦ መሰሉ፣ ከላይ ጥላ ያለው ይሻላል። ከመስቀላችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ እንዲህ አስተካክሉት፦

- የፋብሪካውን የይለፍ ቃል ወዲያው ቀይሩ። ባልተቀየረ የይለፍ ቃል ካሜራ ውስጥ የሚገቡ ፕሮግራሞች ኢንተርኔቱን ሌት ተቀን ይፈትሻሉ።
- ቋሚ አይፒ አድራሻ ስጡት። ካልሰጣችሁት መብራት ሄዶ ሲመጣ አድራሻው ይቀየርና ኮምፒውተሩ ካሜራውን ያጣዋል።
- የቪዲዮውን መጭመቂያ (ኮዴክ) ኤች 264፣ ፍጥነቱን በሰከንድ 25 ፍሬም አድርጉ። «ስማርት ኮዴክ» የሚለውን አጥፉ።
- የመብራት ድግግሞሹን 50 ኸርዝ አድርጉ። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ 60 ላይ ከተተወ ማታ በሜዳ መብራት ምስሉ ይርገበገባል።
- ቀን ሹተሩ (አንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/250 ሰከንድ ወይም ከዚያ የፈጠነ ይሁን፤ አለዚያ የተመታ ኳስ ጭራ ያወጣል። ማታ ወደ 1/100 መልሱት።
- የካሜራውን ኢንፍራሬድ አጥፉት። ለሜዳ ርቀት አይደርስም። ነፍሳት ይስብና ሸረሪት ሌንሱ ፊት ታደራለች።
- ማይክሮፎኑን አጥፉ። የሰው ወሬ ይቀዳል። ከስፒከር የሚወጣ ዘፈን ደግሞ ዩቲዩብ ላይ የቅጂ መብት ጥያቄ ያመጣባችኋል።

8. ኮምፒውተሩን አዘጋጁ

ኦቢኤስ ስቱዲዮ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫኑ። የሚዲያ ምንጭ ጨምሩ፣ «ሎካል ፋይል» የሚለውን ምልክት አንሱና የካሜራውን አርቲኤስፒ አድራሻ (ቪዲዮው በኔትወርኩ ላይ የሚገኝበትን) አስገቡ። አድራሻው በካሜራው መመሪያ ላይ አለ። ሁለት ካሜራ ካላችሁ ለእያንዳንዱ አንድ ትዕይንት ሥሩና በቁልፍ እንዲቀያየሩ አድርጉ። ይህን ሥራ ጨዋታ ማንበብ ለሚችል ልጅ ስጡት፤ ኳሱ ከመድረሱ በፊት ካሜራ መቀየር ያለበት እሱ ነው።

መላኪያው ላይ ቢትሬቱን (በሰከንድ የሚላከውን የመረጃ መጠን) ቋሚ አድርጉ። የቁልፍ ፍሬም (ሙሉ ሆኖ የሚላከው ምስል) ክፍተቱ 2 ሰከንድ ይሁን፤ ዩቲዩብ የሚመክረው እሱን ነው። አፕሎዱ የሚያጠራጥር ከሆነ 720 ላይ ቆዩ። ያልተቆራረጠ 720 ከሚቆም 1080 ይበልጣል።

ኮምፒውተሩ እንዳይተኛ፣ በስርጭት ሰዓትም ራሱን እንዳያድስ አስተካክሉ። ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚገባበት መሠረታዊ ቅንብር) ውስጥ ገብታችሁ መብራት ሲመለስ ራሱ እንዲነሣ አድርጉት። አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው እንዳላበጠ እዩ፤ ካበጠ አውጡት።

9. ዩቲዩብ ላይ ክፈቱ

ቻናሉን በስልክ ቁጥር አረጋግጡ። የቀጥታ ስርጭት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲፈቀድ እስከ 24 ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በጨዋታው ቀን ጠዋት አትጀምሩ።

የስርጭት ቁልፉን ኦቢኤስ ውስጥ አስገቡ። ይህ ቁልፍ እንደ ቤት ቁልፍ ነው። የያዘው ሰው በእናንተ ቻናል የፈለገውን ያስተላልፋል። የቡድኑ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ፎቶውን እንዳትለጥፉ።

ሰዓት ላይ ተጠንቀቁ። ጨዋታው ከቀኑ 9 ሰዓት ነው ብለው 9 የሚሞሉ ብዙ ናቸው። ለዩቲዩብ እሱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። መሙላት ያለባችሁ 15፡00 ነው። ለዋሽንግተን ሰው ያ በበጋቸው ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ በክረምታቸው 1 ሰዓት ይሆናል በእኛ አቆጣጠር። ሪያድ ከእኛ ጋር እኩል ናት፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ማስታወቂያው ላይ የሁሉንም ጻፉ።

ከ12 ሰዓት ያነሰ ስርጭት ዩቲዩብ ላይ በራሱ ይቀመጣል፤ ከዚያ ከበለጠ ሙሉው ላይቀርላችሁ ይችላል። እያንዳንዱን ጨዋታ ለብቻው ከፍታችሁ ዝጉ።

10. ከማስታወቃችሁ በፊት ፈትኑ

ስርጭቱን ሊንኩ ላለው ብቻ በሚታይ መልክ ክፈቱና አንድ ሙሉ ጨዋታ አስተላልፉ። ውጭ አገር ያለ አንድ ወዳጅ ይመልከትላችሁ። መሐል ላይ መብራቱን ከቆጣሪው አጥፉና ስርጭቱ ይቀጥል እንደሆነ እዩ። የካሜራውን ኬብል ንቀሉና መልሱ፤ ምስሉ በራሱ ካልተመለሰ ኦቢኤስ ውስጥ እንደገና የመገናኘት ቅንብሩን አስተካክሉ። በመጨረሻም በጎማ ቱቦ ውሃ ከላይ እንደ ዝናብ አፍስሱበትና በማግስቱ ሳጥኑን ከፍታችሁ እዩ። ጠብታ ካለ ከሐምሌ በፊት አገኛችሁት ማለት ነው።

ችግር ሲመጣ ከየት ይጀመራል?

ምስሉ ቆሞ ቆሞ የሚሄድ ከሆነ አፕሎዱን ለኩ፤ ቢትሬቱን በግማሽ ቀንሱና እዩ። ካሜራው ማታ ማታ የሚጠፋ ከሆነ ኬብሉን ጠርጥሩ። ምስሉ ጠዋት ደብዝዞ ቀን የሚጠራ ከሆነ ውስጡ እርጥበት ገብቷል፤ ሲሊካ ጄሉን ቀይሩ፣ ማኅተሙን ፈትሹ። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ጥራቱ የሚወርድ ከሆነ ምንም አልተበላሸም። የሚወርደው ጠብታ ሁሉ እንቅስቃሴ ስለሆነ ቢትሬቱ አልበቃውም።

መስታወቱን በወር አንዴ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጥረጉ። ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ የጎማ ቴፑን፣ ቡሎኖቹንና የመሬት ሽቦውን አንድ ሰው ወጥቶ ይያቸው። ያ ሰው ማን እንደሆነ አሁኑኑ ስሙን ጽፋችሁ ቢሮው ግድግዳ ላይ ለጥፉት።